160 አምፔር ብየዳ ማሽን በ16 አምፔር ብሬከር ይሠራል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በርና አጥር ለራሴ ልሥራ ብዬ 160 አምፔር የሚል ኢንቨርተር ብየዳ ማሽን ገዛሁ። መስመሬ 220 ቮልት ነው፣ የሶኬቱ ብሬከር 16 አምፔር። በ2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ደህና ይሠራል። 3.2 አድርጌ አምፔሩን ከፍ ሳደርገው ግን ብሬከሩ ይወርዳል። በ32 ልቀይረው?

መልስ፦
ወንድሜ፣ ብሬከሩን ብቻውን እንዳትቀይረው! ብሬከር የሚጠብቀው ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። የሶኬት መስመር ብዙ ጊዜ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። 32 ካሰርክበት ሽቦው እየጋለ ብሬከሩ ዝም ይላል። ከዚያ እሳት ነው። ይህን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም።

160ው ከማሽኑ ወደ ኤሌክትሮዱ የሚወጣው ነው። እዚያ ቮልቴጁ 26 ገደማ ብቻ ስለሆነ ኃይሉ 4.2 ኪሎዋት አካባቢ ይሆናል። በሙቀት የሚባክነው ሲጨመር 5 ይጠጋል። በ220 ስታካፍለው ከሶኬቱ 23 አምፔር ይስባል ማለት ነው። ፓወር ፋክተሩ (ከመስመሩ የሚስበውን ከረንት ምን ያህል በደንብ እንደሚጠቀምበት የሚያሳየው ቁጥር) ዝቅ ያለ ማሽን ከሆነ 30ም ያልፋል። በ80 አምፔር ስትበይድ ግን ግማሹን እንኳ አይስብም። 2.5ቷ ያላስቸገረችህ ለዚህ ነው።

ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ አንብብ። ሁለት የግቤት አምፔር ይኖረዋል። ትልቁ በሙሉ ኃይል ሲሠራ የሚስበው ነው። ትንሹ ደግሞ ማሽኑ በየመሃሉ የሚያርፍበት ጊዜ ታስቦ ሽቦውን የሚያግለው መጠን ነው። 3.2 የግድ ካስፈለገህ ከዋናው ሳጥን ራሱን የቻለ መስመር አስዘርጋ፦ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ሲ ዓይነት (ማሽን ሲነሳ ለአፍታ የሚስበውን ከፍ ያለ ከረንት የሚታገስ) 32 አምፔር ብሬከር፣ ከነግራውንዱ። በፊት ግን የቆጣሪህን አቅም ኤሌክትሪሺያን ይይልህ።

ሌላ መልስ፦
ኤክስቴንሽን ትጠቀማለህ? ቀጭንና ረጅም ከሆነ ቮልቴጅ ይበላል፣ ኤሌክትሮዱም ይጣበቅብሃል። ተጠቅልሎ እንዳለ አትሥራበት፤ ሙሉ በሙሉ ዘርጋው። ጥቅልሉ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ላስቲኩ ይቀልጣል።

ጠያቂው፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰሌዳው ላይ 30 እና 18 ይላል። የምበይደው ባለ 2 ሚሊ ቱቦላሬ ነው። 3.2 ያስፈልገኛል?

መልስ፦
አያስፈልግህም። ለ2 ሚሊ 2.5ቷ በቂ ናት፤ ከ60 እስከ 80 አምፔር ባለው ውስጥ ሞክር። እንዲያውም 3.2 ብረቱን ይበሳብሃል። አሁን ባለህ መስመር ሥራህን ቀጥል፣ ፍሪጅና ምድጃ ግን በዚያው መስመር አብረው አይሥሩ።