የዩብዶ ዕቅድ፦ ርዕሱ ላይ ያለው «ፈሳሽ»

ረቂቅ ያዥ፦ ለገምጋሚ የምንልከው በምዕራብ ኢትዮጵያ የዩብዶ ዓለት ጥናት ዕቅድ ይህ ነው፦ ከመሃሉ ዱናይት (በኦሊቪን ማዕድን የተሞላ ዓለት) እስከ ዳሩ ሆርንብሌንዳይት (ውሃ ባዘለ ጥቁር ማዕድን፣ በሆርንብሌንድ፣ የተሞላ ዓለት) በአንድ መስመር 9 ቦታ፣ ከየቦታው 2 ኪሎ ናሙና። ጥያቄው አንድ ነው፦ የዳሩ ሆርንብሌንድ ከማግማው (ከቀለጠው ዓለት) በቀጥታ የረጋ ነው ወይስ በኋላ ያለፈ ውሃ አዘል ማግማ ፓይሮክሲን የተባለውን ማዕድን በልቶ የተካው? ያለን ብር በማይክሮስኮፕ ለሚታይ 18 ስስ የድንጋይ ቁራጭ ይበቃል።

ላብራቶሪ፦ ከ18ቱ 6ቱ ይበላሻሉ ብላችሁ ያዙ። ሰርፔንቲን (ኦሊቪን ውሃ ሲገባው የሚሆነው ማዕድን) የበዛበት ድንጋይ መጀመሪያ ኢፖክሲ ሙጫ ካልጠጣ የ30 ማይክሮን ስስነት ላይ ሳይደርስ ይፈረፈራል። ድንጋዩን አግሎ ውሃውን መለካት ይሰረዝ፤ ሰርፔንቲን ብቻውን ወደ 13 በመቶ ውሃ ይይዛል፣ ያ ደግሞ የጥልቁ ውሃ አይደለም። ቢርቢራይቱንም (የተለወጠውን ዱናይት) አትልቀሙ፣ ሲሊካ ሆኗል።

አባል 7፦ ርዕሱ ላይ «ፈሳሽ» የሚለው ይውጣ። ውሃ ከ374 ዲግሪ ሴልሺየስና ከ221 ባር በላይ ፈሳሽም ጋዝም አይደለም። 30 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ ወደ 8,000 ባር ነው። «ፍሉይድ» በሉት።

ረቂቅ ያዥ፦ ባለፈው ዙር የጣለን እንዲህ ያለ ቃል ነው። ገምጋሚው አያውቀውም።

አባል 7፦ አለማወቁ ስህተት ያጽፈናል?

አባል 3፦ በአንድ ቃል ሦስት ቀን! ማግማም እኮ ይፈሳል።

አባል 7፦ ለዚህ ነው የምጮኸው! «ፈሳሽ» ካልን የቱን ማለታችን ነው? ማግማ ካለፈ ሆርንብሌንዱ ውስጥ ጠርዙ የተበላ ፓይሮክሲን ይቀራል፤ በቅንጣቶቹ መካከልም ጫፉ ከ60 ዲግሪ በታች የሾለ ቀጭን ማዕድን ይገኛል። ውሃ ብቻውን ይህን አይተውም። ጥያቄያችን ያው እሱ አይደለም?

አባል 3፦ ይሁን፣ ቃሉን ትቼልሃለሁ። ግን የቃላት መፍቻ ይታከል።

ገንዘብ ያዥ፦ መፍቻው ይታተም ካላችሁ ከቁራጮቹ 8 ይቀነሳል።

ላብራቶሪ፦ 10 ቁራጭ፣ 3 ወይም 4 ሲበላሽ 7 ወይም 6 ቀረ። በዚያ 9 ቦታ አይሸፈንም።

ረቂቅ ያዥ፦ ወደ 5 ቦታ እናውርደው። ዳሩ ይቅር፣ መንገዱም ሩቅ ነው።

አባል 7፦ ሆርንብሌንዱ ያለው ዳር ነው!

ረቂቅ ያዥ፦ እንግዲያው መሃሉ ይቅር።

ላብራቶሪ፦ መሃሉ ከሌለ ኦሊቪኑ ወደ ዳር ሲሄድ ብረቱ መጨመሩን በምን እናያለን?

ገንዘብ ያዥ፦ አርብ ይላካል። መፍቻው 112 ቃል ደርሷል፣ «ሆርንብሌንድ» ገና አልተፈታም። ማን ይጻፈው?