አባቴን ይዤ ኬንታኪ ፈረስ ላሳየው ነው፤ የት የት ልውሰደው?

የኢንጅባራዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። አባቴ ከኢንጅባራ መጥቶልኛል፣ ለሦስት ወር። አገር ቤት ፈረሰኛ ነው፤ ጥር 23 የአገው ፈረሰኛ በሙሉ ሜዳው ላይ ሲወጣ እሱ ከመሀል ጠፍቶ አያውቅም። እዚህ ግን ሶፋ ላይ ተቀምጦ መስኮት ያያል። ዋሽንግተን ወስጄ ሐውልቱን ሁሉ አሳየሁት፣ "ጥሩ ነው" ብሎ ዝም። በፈረስ የሚሄድ ፖሊስ ሲያይ ግን ተከትሎት ሄዶ ልናጣው ነበር።

እና ከፋሲካ በኋላ ሌክሲንግተን ልወስደው አስቤያለሁ፣ የሩጫ ፈረስ የሚራባበት እርሻ ጉብኝት አለ ሲሉ ሰምቼ። ሦስት ቀን አለን። ልጆቼ 6 እና 11 ዓመታቸው ነው። ዝም ብሎ ሄዶ መግባት ይቻላል? የትኛው እርሻ ይሻላል? ደግሞ አትሳቁብኝ፣ ድንጉላውና ባዝራዋ ሲገናኙ ያሳያሉ የሚባለው እውነት ነው? አባቴና ልጆቼ ጎን ቆሜ እሱን ማየት አልችልም።

ሚሚ ሜሪላንድ፦

እህቴ፣ አባትሽን እንኳን ደህና መጣ በይልኝ። እኛ አምና በግንቦት አማቴንና ልጆቹን ይዘን ሄደን ነበር። መንገዱ ረጅም ነው፣ በዌስት ቨርጂኒያ ተራራ ተራራውን ስትይ ዘጠኝ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ከሽማግሌ ጋር ከሆነ መሀል ላይ አንድ ሌሊት እደሩ።

ዝም ብሎ መግባት የለም። እርሻዎቹ የሥራ ቦታ ናቸው፣ በር ላይ ብትቆሚ ማንም አይከፍትልሽም። ሆርስ ካንትሪ የሚባል የእርሻዎቹ ማኅበር አለ፤ ድረ ገጹ ላይ ገብተሽ ቀንና ሰዓት ትይዣለሽ። በቀን ሁለት ይበቃል። እኛ ሦስት ይዘን ሦስተኛው ላይ አሥር ደቂቃ ዘግይተን ደረስን፣ አላስገቡንም። ገንዘቡም አልተመለሰልንም (የእርሻውን ስም ልተወው)።

አንዱን ብቻ ምረጪ ካልሽኝ ክሌይቦርን ነው፣ ፓሪስ የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ። ሴክሬታሪያት የሚባለው ዝነኛ የሩጫ ፈረስ የተቀበረው እዚያ ነው። በ1973 ሦስቱንም ትልልቅ ውድድሮች አሸንፎ በሦስቱም የያዘው ሰዓት እስካሁን አልተሰበረም፣ የመጨረሻውንማ በ31 ፈረስ ርዝመት ነው የቀደመው። አስጎብኚው እንደነገረን የሩጫ ፈረስ ሲሞት በልማዱ የሚቀበረው ጭንቅላቱ፣ ልቡና ኮቴው ብቻ ነው፤ ሴክሬታሪያት ግን ሙሉ አካሉ ተቀበረ። ይህን ስተረጉምላት አማቴ ደንግጣ "ጭንቅላቱን ብቻ?" አለችና ቀኑን ሙሉ ከዚያ ወሬ አልወጣችም።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ጫማችሁ ሽፍን ይሁን፣ በነጠላ ጫማ አያስገቡም። ነጠላም ካላችሁ ጠበቅ አድርጉት። የአማቴን ነጠላ ነፋስ ሲያውለበልበው ድንጉላው በርግጎ ያዡ ሰውዬ ሊወድቅ ነበር። ወገቧ ላይ አሰርናት፣ ሁሉም ሰላም ሆነ።

ለልጆቹ ኬንታኪ ሆርስ ፓርክን ጨምሪ። ደግሞ በጠዋት ተነስታችሁ ኪንላንድ የሚባለው የፈረስ መሮጫ ሜዳ ሂዱ፤ ፈረሶቹ ልምምድ ሲሮጡ በነፃ ታያላችሁ። ጉም ውስጥ ኮቴው ይሰማል፣ ፈረሱ በኋላ ነው የሚታየው። አባትሽ እዚያ ይቀራል እልሻለሁ።

ባልደራሱ፦

እኔ እዚያው ሌክሲንግተን አጠገብ ባዝሮች ባሉበት እርሻ እሠራለሁ። ያልሽውን ነገር በተመለከተ አትፍሪ፣ ማጥቂያው ክፍል ባዶውን ሊያስጎበኙሽ ይችላሉ እንጂ ሥራው ሲሠራ በድንገት አይገጥምሽም። አባትሽ ግን ማወቁ አይቀርም፣ ፈረሰኛ ነው አላልሽም?

ቶሮብሬድ የሚባለው የሩጫ ፈረስ ዘር በመርፌ አይዳቀልም፣ ክልክል ነው። ድንጉላውና ባዝራዋ በአካል ካልተገናኙ ውርንጭላው አይመዘገብም። ለዚህ ነው ከፌብሩዋሪ አጋማሽ እስከ ጁላይ መጀመሪያ ባዝራ የጫነ መኪና ከእርሻ እርሻ ሲመላለስ የምታዪው። መጀመሪያ ርካሽ ድንጉላ ያመጡና ባዝራዋ ፈቃደኛ መሆኗን ያዩበታል። ፈቃደኛ ከሆነች ያ ምስኪን ይባረርና ውዱ ይገባል። ምን ያህል ውድ? ኢንቱ ሚስቺፍ የሚባለው በ2024 ዋጋው 250,000 ዶላር ነበር፣ ለአንድ ውርንጭላ ማለት ነው። ግን በአብዛኛው ውርንጭላው ተወልዶ፣ በእግሩ ቆሞ ካልጠባ ክፍያ የለም።

ሌላው አባትሽን የሚያስቀው ነገር ልደታቸው ነው። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ያለ ቶሮብሬድ በሙሉ ልደቱ ጃንዩዋሪ 1 ነው። በዋዜማው ማታ የተወለደ ውርንጭላ ሲነጋ የአንድ ዓመት ፈረስ ተብሎ ይቆጠራል፣ ከዚያ ከአንድ ዓመት ታላቆቹ ጋር ሊሮጥ ነው። ስለዚህ ማንም ዲሴምበር ላይ እንዲወለድበት አይፈልግም፣ ሁሉም የሚፈልገው ጃንዩዋሪና ፌብሩዋሪን ነው። ባዝራ ደግሞ በተፈጥሮዋ ቀኑ ሲረዝም ነው የምትፈልገው፣ የምትሸከመውም 11 ወር ገደማ ነው። ታዲያ እኛ ምን እናደርጋለን፣ ከዲሴምበር ጀምረን ማታ ማታ ጋጣው ውስጥ መብራት እያበራን ክረምቱ ያለፈ እናስመስልባታለን። ታምናለች።

ከፋሲካ በኋላ ማሰብሽ ጥሩ ነው። ያኔ ሜዳው በውርንጭላ የተሞላ ነው። ድንጉላ ብቻ የሚያሳይ እርሻ ሳይሆን ባዝራና ውርንጭላ ያለበትን ምረጪ፣ ልጆቹ የሚወዱት እሱን ነው። የሜይ የመጀመሪያው ቅዳሜ ግን ሉዊቪል ላይ ደርቢ የሚባለው ትልቁ የፈረስ ውድድር ነው፤ በዚያ ሳምንት የሆቴል ዋጋ አይቀመስም። በዓለ ኃምሳ ስለሆነ የጾም ጣጣ የለባችሁም፣ ሥጋው የእኛ እርድ ካልሆነ አልበላም የሚል ከሆነ ግን ቋንጣ ያዢ።

ተራማጅ፦

ሁላችሁም የዶላሩን ነገር ነው የምታወሩት። ሮጦ ካልሆነለት ፈረስስ? ፈርዲናንድ በ1986 ደርቢን አሸነፈ፣ ጃፓን ተሸጠ፣ ለርቢ አልጠቅም ሲል 2002 ላይ ታረደ። ደርቢ ያሸነፈ ፈረስ! እኔ ብሆን ጆርጅታውን ያለውን ኦልድ ፍሬንድስ አስቀድም ነበር፣ ጡረታ የወጡ ፈረሶች የሚጦሩበት ነው።

ሆርስ ፓርክ ከሄዳችሁ ደግሞ የአይዛክ መርፊን መቃብር ሳታዩ እንዳትወጡ። ጥቁር ጆኪ (የውድድር ፈረስ ጋላቢ) ነው፣ ደርቢን በ1884፣ በ1890 እና በ1891 ያሸነፈ። የመጀመሪያው ደርቢ በ1875 ሲካሄድ ከ15ቱ ጆኪ 13ቱ ጥቁሮች ነበሩ፣ በኋላ ነው ገፍተው ያስወጧቸው። ለልጆችሽ ይህን ንገሪያቸው።

ሚሚ ሜሪላንድ፦

@ተራማጅ ልክ ነህ፣ ኦልድ ፍሬንድስን እኔም ረስቼው ነው። እዚያ እንዲያውም ካሮት ያስበሉሻል።

የኢንጅባራዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው የጠቀማችሁኝ። ክሌይቦርንና ኦልድ ፍሬንድስን ያዝኩ፣ ኪንላንድ በጠዋት፣ ሆርስ ፓርክ የመጨረሻው ቀን።

ማታ የጻፋችሁትን ለአባቴ አነበብኩለት። የ250,000ው ላይ ሲደርስ አስቆመኝ። "ጦር ሜዳ ወርዷል?" አለ። አልወረደም አልኩት። "ጉግስስ ይጫወታል?" አይጫወትም፣ አሁን ሩጫም አቁሟል፣ ሥራው ያ ብቻ ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና "እኛ አገር ሰው ነው በፈረሱ የሚጠራው፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። የዚህ ባለቤት ማን ይባላል?" አለኝ። ስሙን አላውቀውም ስለው ሳቀ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። እሱ ፈረስ ሲያይ መጀመሪያ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ነው የሚያየው፣ ዕድሜውን ሊያውቅ። እዚያ እጁን ሰድዶ ቢከፍትስ?

ባልደራሱ፦

ድንጉላው ላይ እንዳይሞክረው፣ ይነክሳል። የምር ነው፣ ጣት ይወስዳል። እኔ ባለሁበት ወቅት ከመጣችሁ ግን አንዲት የ20 ዓመት ባዝራ አለችን፣ በጣም ገራም ናት። አለቃዬን አስፈቅጄ እሷን አስከፍተዋለሁ። ዕድሜዋን እንዳትነግሪው፣ ራሱ ይገምት።