በአሜሪካ የትውልደ በርማና የትውልደ ስፔን ማኅበረሰቦችን ኑሮ በአንድ ሰንጠረዥ ማወዳደር ተገቢ ነውን?

ጥያቄ
አቅራቢ፦ የሴንት ፖል ተማሪ

የተከበራችሁ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖርባት የሚኒሶታዋ ሴንት ፖል ከበርማ፣ በዛሬ ስሟ ከምያንማር፣ ተሰደው የመጡ የካረን ብሔረሰብ ተወላጆች በአሜሪካ በብዛት ከሰፈሩባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ለማኅበራዊ ሥራ ትምህርቴ በማዘጋጀው ጽሑፍ የትውልደ በርማንና የትውልደ ስፔንን ማኅበረሰቦች የኑሮ ደረጃ እንዳወዳድር ተጠይቄአለሁ። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል የ2019ን መረጃ ተንትኖ ባወጣው መሠረት (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) የትውልደ በርማ ቤተሰቦች መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ 44,400 ዶላር ነበር። የእስያ ትውልድ ያላቸው ቤተሰቦች በጠቅላላው 85,800 ዶላር ያገኙ ስለነበር፣ የበርማዎቹ ከእስያ ማኅበረሰቦች ሁሉ ዝቅተኛው ነው። ትውልደ ስፔን ነን የሚሉት ግን ከላቲኖ ማኅበረሰቦች መካከል በገቢም በትምህርትም ከፍ ካሉት ይመደባሉ።

አንድ የትምህርት ባልደረባዬ ልዩነቱን በባህልና በሥራ ፍቅር ይተረጉመዋል። የካረን ጎረቤቶቼ ከሌሊት ፈረቃ ሲመለሱ ጠዋት ጠዋት ስለማያቸው ይህ አባባል ፈጽሞ አልተዋጠልኝም፤ ሆኖም በማስረጃ የተደገፈ ሌላ ማብራሪያ ማቅረብ አለብኝ። ልዩነቱን የፈጠረው ምንድን ነው? ሁለቱን ማኅበረሰቦች እንዲህ ጎን ለጎን ማስቀመጡስ ራሱ ትክክል ነውን?

መልስ 1
ከ፦ ኢንዲያናፖሊስ

ጤና ይስጥልኝ። ስለ በርማዎቹ በቅርብ የማውቀውን ላካፍልዎ፤ ስለ ስፔኖቹ ሌሎች ይጨምሩበታል።

በአሜሪካ የሚኖሩት ትውልደ በርማ በአንድ በር የገቡ ሰዎች አይደሉም። ጄኔራል ኔ ዊን በመጋቢት 1962 ሥልጣን በኃይል ከያዘ በኋላ ባንኮች፣ የንግድ ድርጅቶችና ሱቆች ተወረሱ፤ በ1964 ደግሞ የ50 እና የ100 ኪያት ገንዘብ ኖቶች በድንገት ከአገልግሎት ውጭ ተደረጉ። ሀብቱን ያጣው የቻይናና የሕንድ ትውልድ ያለው ነጋዴ፣ እንዲሁም ዶክተሩና መሐንዲሱ አገር ለቀው ወጡ። ከእነዚህ ወደ አሜሪካ የመጡት በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ፣ በሎስ አንጀለስና በኒው ዮርክ ሲሰፍሩ ገንዘባቸው ቢቀርም ትምህርታቸውንና እንግሊዝኛቸውን ይዘው ነበር። የእነርሱን ልጆች ዛሬ ብንጠይቃቸው ገቢያቸው በሰንጠረዡ ላይ ካዩት ቁጥር ጋር የሚቀራረብ አይመስለኝም።

በዚያ ቁጥር ውስጥ ሚዛን የሚደፋው ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በስደተኞች የሠፈራ መርሐ ግብር የመጣው ሕዝብ ነው። ቁጥሩ ከ150,000 ይበልጣል፤ በ2015 የበጀት ዓመት ብቻ ከ18,000 በላይ የገቡ ሲሆን በዚያ ዓመት ከየትኛውም አገር ዜጎች ይበልጡ ነበር። ካረኖቹ የመጡት በታይላንድ ድንበር ላይ ከሚገኙት እንደ ሜ ላ ካሉ መጠለያዎች ነው። ታይላንድ የ1951ን የስደተኞች ስምምነት አልፈረመችም፤ ስለሆነም በመጠለያው የሚኖር ሰው ከአጥሩ ወጥቶ በሕጋዊ መንገድ ሊሠራ አይፈቀድለትም ነበር። ሃያ ዓመት በዚያ ያሳለፈ፣ ወይም ተወልዶ ያደገ ሰው፣ ስለ ሥራ ልምዱ ሲጠየቅ የሚያቀርበው ወረቀት ከየት ያመጣል?

እዚህ ኢንዲያናፖሊስ የበዙት የቺን ብሔረሰብ ተወላጆች ደግሞ ብዙዎቹ የመጡት በማሌዥያ በኩል ነው። በማሌዥያ መጠለያ ስለሌለ በኳላ ላምፑር ያለ ፈቃድ፣ ፖሊስ እየፈሩ፣ በምግብ ቤትና በግንባታ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። ሕይወቱ ከባድ ቢሆንም የከተማ ሥራን ያውቁ ስለነበር እዚህ ሲደርሱ አገሩን ለመልመድ ከካረኖቹ ይልቅ ፈጥነዋል ብዬ አምናለሁ። እንግዲህ «በርማ» በሚለው በአንድ ቃል ውስጥ ይህን ያህል የተለያየ መነሻ አለ።

ከደረሱ በኋላ ያለው መንገድ ደግሞ ጠባብ ነበር። ተቀባዩ ድርጅት የመጀመሪያዎቹን 90 ቀናት ይደግፍ ነበር፤ ቤተሰቡ የአውሮፕላን ጉዞውን ወጪ በብድር ስለተቀበለ ወለድ ባይኖረውም ጥቂት ወራት ሳይቆይ መክፈል ይጀምር ነበር። በዚህ ፍጥነት ቋንቋ ሳይጠይቅ የሚቀጥረው የሥጋ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ፣ የዕቃ መጋዘን ወይም የሆቴል ጽዳት ነው። በደቡብ ዳኮታ፣ በአዮዋና በነብራስካ እነዚህ ሰዎች በሥጋ ፋብሪካዎች ከእኛው አገር ልጆች ጋር በአንድ መስመር ቆመው ይሠራሉ። በ2020 ጸደይ ኮሮና በእነዚህ ፋብሪካዎች ሲዛመት ቤት ሆኖ መሥራት ያልተቻላቸው እነርሱ ነበሩ። ስለ ሥራ ፍቅር ለሚናገረው ባልደረባዎ ይህንን ይንገሩልኝ።

መልስ 2
ከ፦ የታሪክ መምህር፣ ኒው ሜክሲኮ

የኢንዲያናፖሊሱ ወንድማችን ወይም እህታችን ስለ በርማ የጻፉትን በደስታ አነበብሁ። እኔ በማስተምርበት በኒው ሜክሲኮ ግን የጥያቄው ሌላኛው ወገን፣ «ትውልደ ስፔን» የሚለው፣ የባሰ የተወሳሰበ ነው።

በመጀመሪያ፣ በዚህ ስም ከሚጠሩት ብዙዎቹ ስደተኞች አይደሉም፤ ከስደተኛም አልተወለዱም። ሁዋን ደ ኦኛቴ ሠፋሪዎቹን ይዞ ወደ ሰሜን ኒው ሜክሲኮ የመጣው በ1598 ነው። ልጆቻቸው በስፔን፣ ከዚያም በሜክሲኮ አገዛዝ ሥር ኖረው፣ ሜክሲኮ በጦርነት ተሸንፋ የ1848ን የጓዳሉፔ ኢዳልጎ ውል ስትፈርም ከቤታቸው ሳይነቃነቁ በአሜሪካ ግዛት ውስጥ ተገኙ። ዛሬ በቆጠራ ቅጽ ላይ «ስፔናዊ» ብለው ይጽፋሉ፤ ከብዙ ትውልድ ወዲህ ግን ስፔንን ያየ ዘመድ የላቸውም።

እነዚህ ሰዎች ሀብታም ናቸው ማለትም አይቻልም። ከስፔንና ከሜክሲኮ መንግሥታት የተሰጣቸው ርስት ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ጥቂት የእርሻ መሬትና የቤት ቦታ፣ ለመንደሩ ሁሉ ደግሞ ሰፊ የጋራ ግጦሽና ጫካ የያዘ ነበር። ውሉ ንብረታቸው እንደሚከበር ቢያረጋግጥም፣ ከ1891 ጀምሮ የመሬት ይገባኛል ጥያቄዎችን የመረመረው ልዩ ፍርድ ቤት ከተጠየቀው መሬት ያጸደቀው እጅግ ጥቂቱን ነው። በ1897 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሳንዶቫል ጉዳይ የጋራው መሬት የመንደሩ ሳይሆን የመንግሥት ነው ብሎ ፈረደ። ግጦሽ የሌለው ከብት አርቢ ከብቱን ሸጦ ወደ ባቡር ሐዲድ፣ ወደ ማዕድንና ወደ ኮሎራዶ የስኳር ቀይ ሥር (ሹገር ቢት) እርሻ ለቀን ሥራ ሄደ። በ1967 በቲየራ አማሪያ ፍርድ ቤት ላይ የታጠቁ ሰዎች የዘመቱት በዚሁ የመሬት ቁጭት ነው። እንደ ሞራ ባሉ የሰሜን ወረዳዎች የድህነቱ መጠን ዛሬም ከአገሪቱ አማካይ በላይ ነው። እንግዲህ «ስፔን» የሚለው ረድፍ የተሻለ ገቢ ቢያሳይም እነዚህን መንደሮች በውስጡ ሸፍኖ ይዟል።

ከስፔን በእውነት ተሰደው የመጡት ሌሎች ናቸው። በቫሌንሲያ የተወለደው ቪሴንቴ ማርቲኔዝ ኢቦር በ1880ዎቹ አጋማሽ የሲጋር ፋብሪካውን በፍሎሪዳ ወደምትገኘው ታምፓ ሲያዛውር በተለይ በሰሜን ስፔን ያለው የአስቱሪያስ ተወላጆች በኩባ በኩል ተከተሉት። ከ1907 እስከ 1913 ባለው ጊዜ ደግሞ 8,000 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ ከአንዳሉሲያ፣ ለሸንኮራ አገዳ ሥራ በመርከብ ወደ ሃዋይ ተወስደዋል፤ ክፍያውና አኗኗሩ ስላልተስማማቸው አብዛኞቹ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግረው በፍራፍሬ ለቀማና በቆርቆሮ ማሸጊያ ፋብሪካዎች ሠሩ። ሌሎች በዌስት ቨርጂኒያ የዚንክ ማቅለጫዎች ገቡ፤ ባስኮቹ በኔቫዳና በአይዳሆ በግ ጠበቁ። የ1924ቱ ሕግ ከስፔን በዓመት የሚገባውን ሰው በ131 ሲገድበው በሩ ተዘጋ። ዛሬ ያሉት የእነዚህ ሰዎች የልጅ ልጆችና የልጅ ልጅ ልጆች ናቸው። ከእነርሱ ቀጥለው በትምህርትና በሙያ የመጡ፣ በተለይም ከ2008ቱ የስፔን የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ የገቡ ባለሙያዎች አሉ፤ ቁጥራቸው ብዙ ባይሆንም ገቢያቸው ረድፉን ወደ ላይ ይስበዋል።

የታምፓዎቹ ሠራተኞች ያቋቋሟቸው ማኅበራት፣ በ1891 የተመሠረተው ሴንትሮ ኢስፓኞልና በ1902 የተመሠረተው ሴንትሮ አስቱሪያኖ፣ ለእኛ አንባቢ ከእድር ጋር ይመሳሰላሉ። አባሉ በየወሩ ያዋጣል፤ ሲታመም ይታከማል፤ ሲሞት ይቀበራል። የእነርሱ ግን የራሱ ሆስፒታል እስከመገንባት ደርሷል። ሲጋር ይጠቀልል የነበረው ሠራተኛ ሕይወት የተሻሻለው በደመወዙ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

መልስ 3
ከ፦ የመረጃ ባለሙያ፣ ሜሪላንድ

ከታሪኩ ጎን የአቆጣጠሩንም ነገር ልብ ይበሉ። የቆጠራ ቢሮው በየዓመቱ በሚያካሂደው ጥናት የትውልድ አገር፣ ዘር፣ የላቲኖ መነሻና የዘር ሐረግ በተለያዩ ጥያቄዎች ይጠየቃሉ። በኒው ሜክሲኮ የተወለደችው ሴት በላቲኖ መነሻ ጥያቄ «ስፔናዊት» ብላ ትቆጠራለች፤ በትውልድ አገር ጥያቄ ግን ከስፔን ጋር ምንም ግንኙነት የላትም። በበርማ የተወለደ የቻይና ትውልድ ያለው ሐኪም ዘሩን ሲጠየቅ «ቻይናዊ» ሊል ይችላል፤ ካረኑና ቺኑም ለዘመናት ከወጋቸው መንግሥት ስም ይልቅ የብሔረሰባቸውን ስም ይጽፋሉ። ስለዚህ «ከበርማ የመጡ» እና «በርማዊ ነን የሚሉ» የሚሉት ሁለት ረድፎች የተለያየ ሕዝብ የያዙ ናቸው፤ ሁለቱን ማምታታት የውጤቱን መልክ ይቀይረዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ የቤተሰብ ገቢ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ 44,400 ዶላር በአምስት ሰው ሲካፈል ለነፍስ ወከፍ 8,880 ዶላር ይደርሳል፤ 60,000 ዶላር በሁለት ጡረተኞች ሲካፈል 30,000 ይሆናል። የበርማ ስደተኞች ቤተሰብ ትልቅና በልጆች የተሞላ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሦስት ደመወዝተኛ ያለበት ነው። ስለዚህ የቤተሰብ ገቢው የእያንዳንዱን ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ይደብቃል። ልዩነቱ ሰንጠረዡ ከሚያሳየው የሚሰፋበት ጊዜም አለ ማለት ነው። በሌላ በኩል የፌዴራሉ የድህነት መለኪያ በሳን ፍራንሲስኮም በኢንዲያና ፎርት ዌይንም አንድ ነው፤ የቤት ኪራዩ ግን አንድ አይደለም። ቺኖቹና ካረኖቹ ርካሽ ከተሞችን መርጠው መሄዳቸው ሰንጠረዡ የማያየው ብልህ ውሳኔ ነው።

የጠያቂው ምላሽ
ከ፦ የሴንት ፖል ተማሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መምህር የጻፉት ስለ 1598ቱ ሠፋሪዎች የጽሑፌን አቅጣጫ ይለውጠዋል፤ ርእሱ «ከስደተኞች የተወለዱ» የሚል ስለሆነ ከጅምሩ የተሳሳተ ሕዝብ እያወዳደርሁ ነበርና። ንጽጽሩን ጨርሶ መተው የሚሻል ይመስላችኋል? ወይስ በሌላ መልክ ሊሠራ ይችላል?

መልስ 4
ከ፦ የታሪክ መምህር፣ ኒው ሜክሲኮ

አይተዉት። ያለ ንጽጽር የካረን እናት ድካም በቁጥር ሊታይ አይችልም፤ መለወጥ ያለበት የሚነጻጸሩት ሰዎች ናቸው። የዛሬውን የሴንት ፖል ካረን ከዛሬው ትውልደ ስፔን ጋር ሳይሆን በ1910ሩ ዓመታት ከሃዋይ ተሻግሮ በካሊፎርኒያ የፍራፍሬ እርሻዎች ከተቀጠረው አንዳሉሲያዊ ጋር ያስተያዩት። ሁለቱም ከገጠር መጡ፤ ሁለቱም እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ሁለቱም ማንም የማይፈልገውን ሥራ ያዙ። ከዚያ በኋላ ልዩነታቸውን ይፈልጉ፤ አንዳሉሲያዊው በሠራተኛ ማኅበራት ዘመን፣ ፋብሪካ ለልጁ ጥሩ ደመወዝ በሚከፍልበት ዘመን ልጅ አሳደገ። ካረኑ ልጁን የሚያሳድገው ደኅና ደመወዝ ዲፕሎማ በሚጠይቅበት ዘመን ነው። ይህ ለካረኑ ልጅ የኮሌጅን በር ከአንዳሉሲያዊው ልጅ ይልቅ እጅግ ወሳኝ ያደርገዋል፤ የእርስዎ ሙያም የሚያስፈልገው እዚያ ይመስለኛል።

መልስ 5
ከ፦ ኢንዲያናፖሊስ

በመምህሩ ሐሳብ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። የገቢ ሰንጠረዥ ወደ ውጭ የሚላከውን ገንዘብ አያሳይም። በየካቲት 2021 ወታደሮቹ በበርማ እንደገና ሥልጣን ከያዙ ወዲህ የማውቃቸው የቺን ቤተሰቦች ለተፈናቀሉ ዘመዶቻቸው ከደመወዛቸው ይቆርሳሉ፤ ያችው ደመወዝ የቤት ብድር ይከፈልባታል፤ ለቤተ ክርስቲያን ግንባታም ይዋጣባታል። ትውልደ ስፔን የሆነው አራተኛ ትውልድ ይህ ሸክም የለበትም። እኛ ኢትዮጵያውያንም ይህን እናውቀዋለን፤ በ1980ው የስደተኞች ሕግ የገቡት ወገኖቻችንና በዲቪ ሎተሪ የመጡት በአንድ ረድፍ ሲቆጠሩ፣ ወደ ቤት የሚላከውም ሳይታሰብ ሲቀር፣ የሚገኘው ሥዕል የማንም አይሆንም።

ከቻሉ በሴንት ፖል ለሚያገኟቸው ቤተሰቦች ሦስት ጥያቄ ያቅርቡ፦ በየትኛው ዓመት ገቡ፣ በቤቱ ስንት ሰው ይሠራል፣ በወር ምን ያህል ወደ አገር ይላካል። ሲጠይቁ የበርማኛ አስተርጓሚ ብቻ ይዘው አይሂዱ፤ ከካረን መንደር የመጡት አዛውንት ብዙዎቹ በርማኛ አይናገሩም፤ የስጋው ካረን ቋንቋ አስተርጓሚ ያስፈልግዎታል።