ጂፒ (ጠቅላላ ሐኪም) ነኝ፣ ባለቤቴ አሜሪካ ናት፤ ፈተናውን ከዚህ ልጀምር ወይስ ደርሼ?

ዲዩቲ_ላይ
ሰላም ሐኪሞች። በ2012 የተመረቅኩ ጂፒ ነኝ፤ ክፍለ ሀገር አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል እሠራለሁ። ባለቤቴ ሜሪላንድ ናት። የግሪን ካርድ ፋይሉ ተከፍቷል፣ የኤምባሲ ቀጠሮ እየጠበቅኩ ነው፣ ዓመት ይፍጅ ሁለት ዓመት አንድዬ ይወቀው። ጥያቄዬ ቀላል ነው። የአሜሪካን የሐኪም ፈቃድ ፈተና የመጀመሪያውን ክፍል፣ ስቴፕ ዋንን፣ ከአሁኑ ልጀምረው ወይስ እዚያ ደርሼ፣ ተረጋግቼ? አጎቴ "አንተ ብቻ ግባ፣ ሌላው ይደርሳል" ይለኛል (አጎቴ ሐኪም አይደለም፣ ዳላስ ውስጥ የጭነት መኪና ነው የሚነዳው)። ጓደኛዬ ደግሞ "ሳታልፍ ከገባህ ኡበር ነው የሚያስቀርህ" አለኝ። በዚያ ላይ ክፍያው። አንዱ ፈተና ብቻ ወደ 1,000 ዶላር ነው፤ ሐምሌ 2016 ብሩ ከተለቀቀ ወዲህ ይህን በደመወዜ ማስላት ራስን ማሳመም ነው። የደረሰበት ሰው እውነቱን ይንገረኝ። "አይዞህ" አልፈልግም።

የሲልቨር_ስፕሪንጓ
ወንድሜ፣ አጎትህን አትስማ። እኔም "ግቢ ብቻ" ተብዬ ነው የገባሁት። ከገባሁ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ መጽሐፍ አልገለጥኩም፤ ቀን አረጋውያን መንከባከቢያ፣ ማታ ፓርኪንግ፣ መሀል ላይ የቤት ኪራይና የእናቴ መድኃኒት። ስንፍና አልነበረም። ስምንት ሰዓት የሚፈጅ፣ እስከ 280 ጥያቄ ያለው ፈተና ከሥራ መልስ እንቅልፍ እያዳፋህ በምታገኛት አንድ ሰዓት አይጠናም።

ሰው የሚያወራው ስለ ፈተናው ነው። እኔን የጎዳኝ ግን ዓመቱ ነው። ብዙ የሬዚደንሲ (የስፔሻሊቲ ሥልጠና) ፕሮግራሞች ማመልከቻህን ሳይከፍቱ በፊት የተመረቅክበትን ዓመት ያያሉ፤ አምስት ዓመት ካለፈህ ኮምፒውተሩ ራሱ ወደ ጎን ይገፋሃል። አንተ 2012 ካልክ አልፎሃል፣ አልዋሽህም። ሁሉም ግን እንደዚያ አይደሉም፤ አሁንም በሽተኛ እያየህ መሆንህ በጣም ይረዳሃል። የኔ የከፋው ከሕክምናው ርቄ መክረሜ ነው። ኢንተርቪው ላይ "እነዚህን ዓመታት ምን ስትሠሪ ነበር?" ሲሉኝ ፓርኪንግ ማለት አፍሬ ተንተባተብኩ። በሁለተኛው ዓመት በግልጽ ነገርኳቸው፣ ያም ቢሆን አልሠራም። በሦስተኛው ሙከራ ነው ማች ያደረግኩት፣ ማለትም ቦታ ያገኘሁት። አሁን ኢንተርናል ሜዲስን ሁለተኛ ዓመት ነኝ።

ስቴፕ ዋን በፈረንጅ ከ2022 ወዲህ ማለፍና መውደቅ ብቻ ነው፤ ነጥብ የሚታይልህ ስቴፕ ቱ ላይ ስለሆነ ጉልበትህን እዚያ አፍስስ። ሁለቱንና የእንግሊዝኛውን ኦኢቲ ካለፍክ፣ ዲፕሎማህንም ዩኒቨርሲቲህ ካረጋገጠልህ ነው ውጭ የተማረ ሐኪም ሬዚደንሲ ለመግባት የሚያስፈልገው ኢሲኤፍኤምጂ ሰርተፍኬት የሚሰጥህ። መስከረም ላይ ታመለክታለህ፣ መጋቢት ላይ ውጤት፣ ክረምት ላይ ሥራ። አንዷ መስከረም ካመለጠችህ ዓመቱ ሄደ በለው።

አንድ ዕድል አለህ፣ ግሪን ካርድ ይዘህ ነው የምትገባው። ለሥልጠና በሚሰጠው ጄ-ዋን ቪዛ የሚመጡት ከጤና ሚኒስቴር ደብዳቤ ማጻፍ አለባቸው፤ ሲጨርሱም ወይ ሁለት ዓመት አገራቸው ይመለሳሉ ወይ ሐኪም በጠፋበት አካባቢ ሦስት ዓመት ያገለግላሉ፣ ለዚያም በብዛት የሚሄዱበት መንገድ ለአንድ ስቴት በዓመት 30 ቦታ ብቻ ነው ያለው። አንተ ይሄ ሁሉ የለብህም። ስለዚህ ከዚያው ጀምር፣ ቢያንስ አንዱን ፈተና አልፈህ ና።

ጅዳ_ነኝ
አሜሪካን አላውቅም፣ ሳዑዲ ነኝ። ስለ ወረቀት ግን ልንገርህ፣ ምክንያቱም እኔ ፈተናውን ከማለፌ ወረቀቱን ማለፌ ነው የሚደንቀኝ።

እዚህ ዳታፍሎው የሚባል ድርጅት ዲግሪህንም ፈቃድህንም የሥራ ልምድህንም ከሰጠህ ተቋም በቀጥታ ይጠይቃል። ሆስፒታሌ የጻፈልኝ ደብዳቤ "ከ2006 እስከ 2009 አገልግሏል" ይላል። በኛ አቆጣጠር። ዲግሪዬ ደግሞ የ2013 ነው፣ በፈረንጅ። እንግዲህ አስላው፤ ሳልመረቅ ሰባት ዓመት ቀድሜ ሐኪም ሆኜ በሽተኛ ሳክም ነበር ማለት ነው! ሰነዱ አጠራጣሪ ነው ተብሎ ተያዘ። እርማት ለማጻፍ ወንድሜን ላክሁት። የሰው ሀብት ኃላፊዋ ተቀይራለች፣ አዲሱ ኃላፊ ፋይሉን አላገኘውም፣ ማኅተሙ ያለበት ሰውዬ ስብሰባ ሄዷል። አራት ወር። ያን ሁሉ ጊዜ ቀጣሪዬ በየሳምንቱ "ምን ላይ ደረሰ?" ይለኛል።

ሲቀጥል ስም። አያቴ ፀጋዬ ይባላሉ፤ ዲግሪዬ ላይ በ"ቲኤስ" ይጀምራሉ፣ ፓስፖርቴ ላይ በ"ቲ" ብቻ። ለነሱ ሁለት ሰው ነን። አሁኑኑ ወረቀቶችህን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ ፊደል በፊደል አስተያያቸው።

ዲዩቲ_ላይ
ውይ። አሁን አውጥቼ አየሁት፣ የኔም ደብዳቤ በኛ አቆጣጠር ነው። ዲግሪዬማ ገና ቴምፖ (ጊዜያዊው) ነው፣ ኦሪጅናሉን አላወጣሁም። ኮስት ሼሪንጉ፣ የትምህርት ወጪ ዕዳው፣ ተከፍሎ አላለቀም።

ጅዳ_ነኝ
ታዲያ ስለ ስቴፕ ዋን ምን ያስጠይቅሃል? መጀመሪያ እሱን ጨርስ እንጂ!

ዶርትሙንድ
ጀርመንም ያው ነው፣ ቋንቋው ይጨመርበታል። የሕክምና ጀርመንኛ ፈተናው አንድ ሰዓት ነው፦ 20 ደቂቃ በሽተኛ ታናግራለህ፣ 20 ደቂቃ ሪፖርት ትጽፋለህ፣ 20 ደቂቃ ለሐኪም ታስረዳለህ። እሱን ወድጄዋለሁ እንዲያውም፣ እውነተኛ ሥራ ይመስላል። ያናደደኝ ጉድ ስታንዲንግ የሚባለው፣ ፈቃድህ ንጹሕ መሆኑን የሚገልጸው ደብዳቤ ነው። ከሦስት ወር በላይ የቆየ አይቀበሉም። ሌላው ወረቀት ተተርጉሞና ተረጋግጦ እስኪደርስ እሱ ጊዜው ያልፍበታል፣ እሱን አሳድሼ ስመለስ ሌላ ነገር ጎደለ ይሉኛል። ሦስቴ አስወጥቻለሁ። ምክሬ፣ ይቺን ደብዳቤ መጨረሻ ላይ አውጣት።

ወሎዬው
እኔ የቀረሁት ነኝ 😀 አገር ቤት። ያ የማረጋገጫ ጥያቄ በኢሜይል የሚላከው እኛ ጋ ነው፣ ታውቃላችሁ አይደል? ከ2015 ክረምት ጀምሮ እኛ ጋ ለወራት ኢንተርኔት አልነበረም። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ የባሕረ ሰላጤው ሥራ ያመለጠው በዚያ ነው፤ ሆስፒታሉ ቢጠየቅ ማን ከፍቶ ይመልስ? "ማረጋገጥ አልተቻለም" ተብሎ ተዘጋ። እሱ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው አዋልዷል፣ ቆስለው የመጡትን ሰፍቷል።

እንግሊዝ ለምታስቡ፣ ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጅ 2023 ባወጣው፣ የጤና ባለሙያ እጥረት ያለባቸው የ55 አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። እንግሊዞቹ መጥተው አይመለምሏችሁም ማለት ነው። ራሳችሁ ማመልከት ግን ትችላላችሁ። እኔ በዝርዝሩ አልከፋም፤ ባለፈው ወር ብቻ ከኛ ሆስፒታል ሁለት ሰው ለቋል፣ ዲዩቲው የሚደርበው እኔ ላይ ነው።

ደግሞ ድንበሩ ወደ ውስጥም ይከብዳል። አሜሪካ የሚኖር የቀድሞ መምህራችን ለሁለት ሳምንት በነጻ ቀዶ ሕክምና ሊሠራ መጥቶ፣ ጊዜያዊ የሥራ ፈቃዱ የደረሰው ወደ አሜሪካ ሊመለስ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ዕቃው ጉምሩክ ቀረ። ስድስት በሽተኛ ሠርቶ ሄደ።

የሲልቨር_ስፕሪንጓ
@ወሎዬው ያበርታህ ወንድሜ፣ ከልቤ ነው። @ዲዩቲ_ላይ ደግሞ ስለ ክፍያው፣ ባለቤትህ በካርዷ ትክፈልልህ፣ አትኩራ። ስትቀጠር ትመልስላታለህ።

ዲዩቲ_ላይ
እሷም እንደዛው ነው ያለችኝ። እሺ፣ ተቀበልኩ። መጀመሪያ ኮስት ሼሪንግ፣ ከዚያ ኦሪጅናል፣ ደብዳቤውን በፈረንጅ ቀን እንደገና፣ ማታ ማታ ጥናት። ነገ አርብ ነው፣ ከዲዩቲ ስወጣ በዚያው ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ብሄድ ከሰዓት አገኛቸዋለሁ?

ጅዳ_ነኝ
አርብ ከሰዓት?? ተኛ ባክህ። ሰኞ ጠዋት ሂድ፣ ማኅተም ያዡ መግባቱን ግን አስቀድመህ ደውለህ ጠይቅ።