መኪናዬ ወደ ቀኝ ስታጠፍ አፍንጫዋ፣ ወደ ግራ ስታጠፍ ጭራዋ ያስቸግረኛል። ስታቢላይዘር ልግዛ?

ቀይዋ ሚያታ፦
ሰላም ወገኖች። ጥያቄዬ እንደ ቡድናችን ልማድ የመኖሪያ ወረቀትም የቤት ኪራይም ስላልሆነ አስቀድሜ ይቅርታ። እዚህ መሃል የመኪና ሰው እንዳለ ስለማውቅ ነው። የ1990 ማዝዳ ሚያታ አለችኝ፣ የመጀመሪያዋ ትውልድ፣ ያቺ መብራቷ ከኮፈኑ ብቅ የሚለው። ሞተሯ 1.6 ነው፣ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) የላትም፣ መሪዋ በግራ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ትራክ (የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ) ላይ ልነዳት ተመዝግቤ ከፍያለሁ። ሰው የተጠቀመበት ኮይልኦቨር (ሞላና አሞርዛተር አንድ ላይ ሆነው ቁመታቸው በቀለበት የሚስተካከል) ገዝቼ ራሴ ገጠምኩ። ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ለክቼ ግራና ቀኙን እኩል አደረግኩ። ቆማ ስትታይ ታምራለች።

ስትሄድ ነው ጉዱ። ለሙከራ አንድ ጊዜ ትራክ አወጣኋት። ወደ ቀኝ ስታጠፍ መሪውን ባዞርም አፍንጫዋ ወደ ውጭ ይሸሻል። ወደ ግራ ስታጠፍ ደግሞ ጭራዋ ሊያመልጠኝ ይቃጣዋል። ፍሬን ጠበቅ ሳደርግ የቀኝ የፊት ጎማ ብቻውን ቀድሞ መሽከርከሩን ያቆማል፣ ጭስ አየሁ በመስታወት። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ወፍራም የፊት ስታቢላይዘር (ግራና ቀኝ እግሮቿን አያይዞ መጋደሏን የሚቀንሰው ብረት) ግዛ ይለኛል። ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

የድሮ ሹፌር፦
ልጄ አትግዛ። መጀመሪያ መኪናዋ ሥር ግባ። ጎሚኒዎቿ፣ ጎማውን ከሻንሲው በሚያያይዘው ክንድ ጫፍ ያሉት ላስቲኮች፣ ተቀይረው ያውቃሉ? ካልተቀየሩ ከ30 ዓመት በላይ የሆነው ላስቲክ ነው የያዘልህ። ቢሰነጠቅም ባይሰነጠቅም ደርቋል። ረጅም ብረት በክንዱና በሻንሲው መሃል አስገብተህ ገፋ አድርገው። ክንዱ ወዲያ ወዲህ ካለ፣ ትራክ ላይ ጎማህ ወደፈለገበት እየዞረ ነው ማለት ነው፣ መሪውን ምንም ብትይዘው። ቦል ጆይንቱንና ቴስታውንም፣ የእግሯንና የመሪዋን መገጣጠሚያዎች፣ በዚያው ነካካ። አሞርዛተሩ ደግሞ የሰው ነው ብለሃል። ዘይት የሚያልብ ካለ አንዱ ጎን ሞቷል ማለት ነው፣ ጨዋታው እዚያው አለቀ።

ጎሚኒ ከቀየርክ ደግሞ አንድ ነገር ስማኝ። ብሎኖቹን መኪናዋ በክሪክ ተንጠልጥላ እያለች ጨርሰህ አታጥብቅ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የላስቲክ ጎሚኒ አይሽከረከርም፣ ይጠመዘዛል እንጂ። እግሮቿ ተንጠልጥለው ካጠበቅከው መሬት ስትነካ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ሳታውቀው ተጨማሪ ሞላ ይሆንብሃል፣ ብዙም ሳይቆይ ይቀደዳል። በጎማዎቿ አቁመህ፣ ክብደቷን ተሸክማ፣ ያኔ ነው የመጨረሻውን የምታጠብቀው።

ሚዛን፦
ጋሼ የተናገሩት ልክ ነው፣ ግን የዚህ ልጅ በሽታ ሌላ ነው። ልብ በሉ፤ ቀኝና ግራ የተለያየ ባህሪ ነው ያላት። ስታቢላይዘር ለሁለቱም አቅጣጫ እኩል ነው የሚሠራው። የፊቱን ብታወፍረው ወደ ግራ ትሻላለች፣ ወደ ቀኝ ግን ያው ሽሽቷ ይብሳል። ገንዘብህን ያዝ።

እኔ የምጠረጥረው የሰያፍ ክብደቷን ነው። የምትወላገድ ጠረጴዛ አይተሃል? አራት እግር አላት፣ ሁለቱ በሰያፍ ክብደቱን ይሸከማሉ፣ ሁለቱ ወለሉን ነካ ብቻ ያደርጋሉ። መኪናም እንደዚያው ናት። ቁመቱ እኩል ሆነ ማለት ክብደቱ እኩል ተከፈለ ማለት አይደለም። ፓራፋንጎ ላይ መለካት ደግሞ አያስተማምንም፤ የ1990 መኪና ናት፣ ስንቴ ተመትታ እንደተቃናች ማን ያውቃል።

የአራት ጎማ ሚዛን ያለው ሰው ፈልግ። በየመኪና ክበቡ አንድ አይጠፋም። ወለሉ ውሃ ልክ መሆን አለበት፣ ካልሆነ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። የጎማ ንፋስ አስተካክል፣ ነዳጅ ግማሽ ይሁን፣ አንተ ወንበርህ ላይ ተቀመጥ፣ ሌላ ሰው ቁጥሩን ያንብብ። ስታቢላይዘሩን ከእግሮቿ ጋር የሚያያይዙትን ዘንጎች ፍታቸው፣ አለበለዚያ የውሸት ቁጥር ነው የምታገኘው። ከዚያ አራቱን ቁጥር እዚህ ጻፍልኝ።

ወገን ነኝ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህ ቡድን ለምን እንደተከፈተ ረሳነው እንዴ? ትናንት አንዲት እህት የመኖሪያ ፈቃዷ ሊያልቅ ነው ብላ ጽፋ ሁለት ሰው ነው የመለሰላት። ዛሬ ለመጫወቻ መኪና ስታቢላይዘር ምናምን። ይህን ገንዘብ ለሚያስፈልገው ቢልከው አይሻልም?

ቀይዋ ሚያታ፦
ወንድሜ፣ ለእህታችንም መልሻለሁ፣ ወደ ላይ ሄደህ ማየት ትችላለህ። ስለ መላክ ካነሳህ ግን ልንገርህ። በየወሩ እልካለሁ። አንድ ወር አሳልፌ አላውቅም። መኪናዋን ከሥራ ሰዓት ውጪ በሠራሁት ነው የገዛኋት፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት አሮጌ መኪና ናት። አንድ ስህተት ሠርቻለሁ፣ ፎቶዋን ለጠፍኩ። ቀይ ናት፣ ጣሪያዋ ክፍት ነው፣ እኔ መነጽር አድርጌአለሁ። በነጋታው ታላቅ ወንድሜ ደወለ። እንዴት ነህ እንኳን ሳይል «እንግዲህ ለአንተ ከተረፈህ ለኛም አይጠፋም» አለኝ። ሥሯ ገብቼ ዝገት ፊቴ ላይ ሲራገፍ የሚያሳየውን ፎቶ ነበር መለጠፍ የነበረብኝ።

ውል አንባቢ፦
ስለ ገንዘብ ከተነሳ አይቀር፣ ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ኢንሹራንስህ ትራክ ላይ ይሠራል? ብዙ የመኪና ውሎች በውድድር ወይም በትራክ ላይ የደረሰን ጉዳት አንሸፍንም የሚል አንቀጽ አላቸው። ሰዓት ባትይዝም፣ ባትወዳደርም ያው ሊሆን ይችላል፣ እንደ አጻጻፉ ነው። ውልህን አውጥተህ «የማይሸፈኑ» የሚለውን ክፍል አንብብ። ካልገባህ በጽሑፍ ጠይቃቸው፣ በስልክ «ችግር የለም» ያለህ ሰው ያን ቀን አይገኝም። ለአንድ ቀን ብቻ የሚገዛ የትራክ ሽፋን በአንዳንድ አገር አለ። ግንቡን ብትመታ ግንቡንም ልትከፍል እንደምትችል አዘጋጆቹ የሚያስፈርሙህ ወረቀት ላይ ይኖራል። ሰው ሳያነብ ነው የሚፈርመው።

ዝምተኛዋ፦
እኔ አሮጌ ቢኤምደብሊው ትራክ ላይ እነዳለሁ፣ እዚህ ቡድን ውስጥ ብዙ አልጽፍም። ቀይዋ ሚያታ፣ ጎማህ ስንት ዓመቱ ነው? ከጎኑ ዶት የሚል ጽሑፍ አለ፣ መጨረሻው ላይ 4 አሃዝ ታገኛለህ። 2318 ካለ በ2018 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ የደረቀ ጎማ ስንቱን ሰው ሞላና አሞርዛተር አስቀይሮታል። አራቱም አንድ ዓይነት፣ አንድ ዘመን ናቸው?

የፍሬን ዘይትህንም ቀይር። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፣ እርጥበት ከሳበ ግን መፍያው እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ትራክ ላይ ሲፈላ ፔዳሉ እግርህ ሥር ጥጥ ይሆናል። እኔ ላይ ደርሷል፣ ከረጅሙ ቀጥታ መጨረሻ ላይ። አልጨምርም።

ቀይዋ ሚያታ፦
ሚዛን የተባልከው ወንድሜ፣ ለካሁ! አንድ የክበብ ሰው ጋራዡ ውስጥ ሚዛኑን ዘርግቶ ጠበቀኝ። እኔ ተቀምጬ፣ ነዳጅ ግማሽ፣ ዘንጎቹ ተፈትተው፦ የግራ ፊት 290፣ የቀኝ ፊት 258፣ የግራ ኋላ 246፣ የቀኝ ኋላ 266 ኪሎ። ድምሩ 1060። ጎማዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው እህቴ፣ 4 ዓመታቸው ነው። የፍሬን ዘይቱን እቀይራለሁ።

ሚዛን፦
ይኸውልህ። የቀኝ ፊትና የግራ ኋላ ሲደመሩ 504፣ ከጠቅላላው 47.5 በመቶ። ሌላኛው ሰያፍ 556፣ 52.5 በመቶ። የምንፈልገው ሁለቱም ወደ 50 እንዲጠጉ ነው። ያልከው ሁሉ እዚህ ቁጥር ውስጥ አለ። የግራ ፊትና የቀኝ ኋላ ጭነቱን ይዘውታል። ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ክብደቱ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ቀድሞውኑ የተጫነው የግራ ፊት ጎማ ይብስበታል፣ አፍንጫዋ ይሸሻል። ወደ ግራ ስትታጠፍ ተቃራኒው። የቀኝ ፊት 258 ብቻ ስለተሸከመ ደግሞ ፍሬን ስትይዝ ቀድሞ ይቆማል። አየህ?

አሁን የሞላ መቀመጫውን ቀለበት ነው የምትነካው። አንዱን ጥግ ከፍ ስታደርግ እሱና በሰያፍ ያለው ጥግ ይከብዳሉ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ይቀላሉ። ቁመቷ እንዳይበላሽ አራቱንም በትንሽ በትንሹ ንካ፦ የቀኝ ፊትና የግራ ኋላ ከፍ፣ የግራ ፊትና የቀኝ ኋላ ዝቅ። በየንክኪው መኪናዋን ወደፊትና ወደኋላ ግፋት፣ ጎማው እንዲላቀቅ። ዓላማህ፣ አንተ በጻፍክበት ቅደም ተከተል፣ 276፣ 272፣ 260፣ 252 አካባቢ ነው። ሰያፉ 50.2 ይሆናል። የፊቱ ድምር 548ና የግራው ድምር 536 ግን በቀለበት አይነቃነቁም፣ ዕቃ ካላዛወርክ በቀር። እሱን ማሰብ የለብህም፣ ባትሪዋ ከኋላ ሻንጣ ውስጥ በቀኝ በኩል መሆኑ ራሱ ረድቶሃል።

ስትጨርስ የስታቢላይዘሩን ዘንግ መልሰህ ስትገጥም ሳትገፋና ሳትስብ በራሱ መግባት አለበት። በጉልበት ከገባ ያስተካከልከውን ሰያፍ መልሶ ያጣምመዋል። ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ ለዚህ ነው የሚጠቅመው።

የድሮ ሹፌር፦
ቁጥሩ ደስ ይላል። ግን በተቀደደ ጎሚኒ ላይ የተለካ ሚዛን ነገ ሌላ ነው። መጀመሪያ ላስቲክ፣ ከዚያ ሚዛን። ይህን ለመናገር ዲግሪ አያስፈልግም።

ሚዛን፦
ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው፣ ግን እኔ ስለ ዲግሪ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። ልጁ ሦስት ሳምንት ነው ያለው። ሁሉንም ጎሚኒ ቀይሮ፣ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) አሠርቶ፣ ከዚያ ሚዛን ላይ ይውጣ ካልን ቀኑ ያልፈዋል። ዛሬ ያስተካክል፣ ጎሚኒውን በኋላ ሲቀይር ደግሞ ይለካው።

የድሮ ሹፌር፦
ሁለት ጊዜ መሥራት ማለት ነው እሱ። አባቴ የጭነት መኪና ነበረው። ባሌስትራው ሲሰበር መንገድ ዳር ተኝቶ በሽቦና በእንጨት ያስረው ነበር፣ «እስክንደርስ» እያለ። ደርሶም አይቀይረውም። እኔ የሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ ጭንቅላቴ የጣሪያውን ብረት ሲመታ ትዝ ይለኛል። የዘይቱ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። እዚህ የሚሠራው መኪና ምንም አይሸትም። ለዚያ ነው «እስክንደርስ» የሚል ሰው የሚያበሽቀኝ።

ዝምተኛዋ፦
ጋሼ፣ አስለቀሱኝ እኮ። ግን ሁለታችሁም አላይመንቱን በአንድ ቃል አለፋችሁት። ቁመት ሲነካ ካምበሩም (የጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መጋደል) ቶውም (የጎማው ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞር) ይለወጣል። ሰያፉ 50 ገብቶ ቶው ከተበላሸ ቀጥታው ላይ ራሷን ትመራለች። ሚዛኑን ሲጨርስ አላይመንት የግድ ነው። ደግሞ 50.2 ሆነ 49.6 ለጀማሪ ለውጥ የለውም። ከ47.5 ይውጣ እንጂ ለነጥብ በመቶ ብሎ ሌሊት አያድር።

ሚዛን፦
ለውጥ የለውም? ፍሬን ላይ ይታወቃል እንጂ።

ዝምተኛዋ፦
አንተ ላይ ይታወቃል ይሆናል። እኔ በ49 ወጥቼ ከእኔ በላይ ያለው ሰውዬ በ50 ወጥቶ፣ ቀኑን ሙሉ መስታወቴ ውስጥ ነበር።

ወገን ነኝ፦
እሺ ስለ ገንዘቡ ያልኩት በዛ፣ ይቅርታ። ግን «መስታወቴ ውስጥ ነበር» ማለት ምን ማለት ነው?

ዝምተኛዋ፦
ከኋላዬ ነበር ማለት ነው ወንድሜ።

ቀይዋ ሚያታ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ቀለበቶቹን ነካካሁ፣ ሰያፉ 49.7 ደርሷል። ስታቢላይዘሩን ለጊዜው ትቼዋለሁ፣ ግን በሁለቱም አቅጣጫ አፍንጫዋ የሚሸሽ ከሆነስ የሚለውን ማንም አልመለሰልኝም። አሁን አላይመንት ላይ ነኝ፣ እዚያም ተጣበቅኩ። የግራ ኋላ የታችኛው ክንድ ብሎን፣ ያ ማስተካከያው፣ ዳዶው ወጣ። ብሎኑ ግን ከጎሚኒው የውስጥ ቱቦ ጋር ዝጎ አንድ ሆኗል። ስጠመዝዘው ላስቲኩ አብሮ ይጠመዘዛል፣ ስለቀው እንደ ሞላ ይመለሳል። ሦስት ቀን ዘይት ረጨሁበት። ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ጎሚኒ ራሱ ነው መሰለኝ።

የድሮ ሹፌር፦
ራሱ ነው። በእሳት አትሞክረው፣ የነዳጅ ታንኩ ሩቅ አይደለም። በመጋዝ ከሁለቱም ጎን፣ በጎሚኒውና በሻንሲው መሃል ቁረጠው። ግን አዲሱን ብሎንና ጎሚኒ እጅህ ሳታስገባ አትጀምር።

ሚዛን፦
እና ከዚያ በኋላ እንደገና ሚዛን።

የድሮ ሹፌር፦
መጀመሪያ ምን ብዬ ነበር?