ለሳንባ ምች ጦስኝና ነጭ ሽንኩርት መድኃኒቱን ይተካሉ?

የቀሃ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ከትናንት በስቲያ ብርድ ብርድ እያላት፣ ቀኝ ጎኗን እየወጋት ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ራጅ ተነሥታ የሳንባ ምች ነው ተባለና አሞክሲሲሊን የሚባል ባክቴሪያ የሚገድል ኪኒን ታዘዘላት። ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ትኩሳቱ በረድ ብሏል፣ ሳሉ ግን አለ። ጎረቤቶቻችን «ለምች ኪኒን ምን ይሠራል?» እያሉ ዳማከሴ ጨምቀው አመጡልን። አክስቴ ከደባርቅ ጦስኝ ልካለች፤ ነጭ ሽንኩርት በማር አድርጋችሁ ስጧት ትላለች። እናቴም ኪኒኑን ልትተው ከጅላለች። ለልቧ ዋርፋሪን የሚባል የደም መርጋትን የሚከላከል መድኃኒት ትወስዳለች። ምን ላድርግ?

ነርሷ ከማራኪ
እኅቴ፣ ያሳሳታችሁ ስሙ ነው። ዳማከሴ የሚታሽለት ምች ፀሐይ መታኝ ብለን የምንተኛበት፣ ከንፈራችን ላይ የሚወጣው ነው። የሳንባ ምች በስም ብቻ ይገናኘዋል። ባክቴሪያ፣ አብዛኛውን ጊዜ ኒሞኮከስ የሚባለው፣ የሳንባን ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች በፈሳሽና በመግል ይሞላቸዋል፤ አየር መግቢያ ያጣል። ትኩሳቱ በረድ ያለው መድኃኒቱ ስለያዘላቸው ነው፤ አሁን ማቋረጥ ሥራውን መሐል ላይ መተው ነው። ሳሉ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል፣ እሱ አያስደንግጥሽ። ዛሬ ማታ እንቅልፍ ሲወስዳቸው አጠገባቸው ተቀምጠሽ የደረታቸውን መነሣት አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ። 30 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ንግግራቸው ከተምታታ፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ፣ ሌሊትም ቢሆን ውሰጃቸው።

ፋርማሲስት
እኔን ያሳሰበኝ ዋርፋሪኑ ነው። ነጭ ሽንኩርት በብዛት ሲወሰድ የደም መርጋትን ይቀንሳል፤ ከዋርፋሪን ጋር ሲደረብ ደም መፍሰስ ሊያመጣ ይችላል። እርድም በብዛት እንደዚያው ነው። በወጥ ውስጥ እንደወትሮው የሚገባው አያስፈራም፤ በየጠዋቱ ተደቁሶ በማር የሚዋጠው ግን ይቅር። አሞክሲሲሊኑም ራሱ የዋርፋሪኑን ኃይል ሊጨምር ስለሚችል ያዘዘው ሐኪም ስለ ዋርፋሪኑ ካላወቀ ነገ ንገሪው፤ የደም መርጋት ምርመራም ጠይቂ። ሁለቱንም በራሳችሁ አታቋርጡ። ድዳቸው ቢደማ ወይም ሰገራቸው ቢጠቁር ቶሎ ሐኪም ቤት።

የባዮሎጂ መምህር
አክስትሽ ከመሬት ተነሥታ አልተናገረችም። ጦስኝ ውስጥ ያሉት ቲሞልና ካርቫክሮል በቤተ ሙከራ የባክቴሪያን ሽፋን ያፈርሳሉ። ነጭ ሽንኩርት ሲደቆስ የሚፈጠረው አሊሲንም ባክቴሪያ ይገድላል። ሽንኩርቱ ሳይደቆስ ከተቀቀለ ግን አሊሲኑን የሚሠራው ኢንዛይም በሙቀት ስለሚጠፋ ብዙም አይፈጠርም። የእርዱ ኩርኩሚን በአይጥ ሳንባ ላይ መቆጣትን ሲቀንስ ታይቷል፤ ከሰው አንጀት ወደ ደም የሚገባው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ ሳህን ላይ ባክቴሪያ የገደለው መጠን በስኒ ሻይ ተጠጥቶ ሳንባ አይደርስም። የወባው አርቴሚሲኒንም ከቅጠል ነው የመጣው። ሆኖም ቻይናውያን በ1972 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከቅጠሉ ለይተው አወጡት፤ መድኃኒት የሆነው መጠኑ ተለክቶ በሰው ላይ ከተሞከረ በኋላ ነው። ለጦስኛችን ያ ሥራ ለሳንባ ምች አልተሠራለትም። ቢሠራ ደስ ይለኛል፤ ዕፅዋቱን የምንንቅ ሰዎች አይደለንም።

የአራዳዋ እናት
ልጄ፣ እኔ ጦስኝ ሳልጠጣ የዋልኩበት ቀን የለም። ስለዚህ ቃሌን እናትሽ ቢሰሙት ደስ ይለኛል። የልጅ ልጄ ሁለት ዓመቱ ሳለ «ምች ነው» ብዬ ሁለት ቀን በዳማከሴ ያዝኩት። በሦስተኛው ቀን ልብሱን ስገልጥ ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ በታች ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ አፍንጫው ይርገበገባል። ተሸክሜው ሮጥኩ፤ ኦክስጅን ተደረገለት፣ እግዚአብሔር ይመስገን ዳነ። ያ ሁለት ቀን ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ጦስኙን አፍልተሽ ለብ አድርገሽ ስጫቸው፣ ጉሮሮን ያለሰልሳል። መጀመሪያ ግን ኪኒኑ ይዋጥ። የባሕር ዛፍ እንፋሎት መታጠንም ይቅርባችሁ፤ የፈላ ውኃ ተደፍቶበት የተቃጠለ ሰው አይቻለሁ።

የቀሃ ልጅ
እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የእማማን መልእክት ለእናቴ አነበብኩላት፤ ስለ ልጁ ስትሰማ ዝም አለችና ኪኒኑን በጦስኝ ሻይ ዋጠች። ትንፋሿን ቆጠርኩ፣ 22 ነው። ነጭ ሽንኩርቱን ወደ ጓዳ መለስኩት። ነገ ጠዋት ሁለቱንም የመድኃኒት ብልቃጦች ይዤ ሐኪሙ ጋ እሄዳለሁ።