«ካላረጁ አይበጁ» በቀስት ሲጻፍ፦ የ«ካል» እና የ«ብቻ» ትርጉም

የማታ ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለአንደኛ ዓመት የሎጂክ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። የእንግሊዝኛውን «አንለስ» «በስተቀር» እያልኩ ስተረጉም ቀስቱ (→፣ «የግራው ከሆነ የቀኙም ይሆናል» የሚለው ምልክት) ይጠፋብኛል። «ካላጠና በስተቀር አያልፍም» የሚለውን «ካጠና ያልፋል» ብዬ ጽፌ ተሳሳትኩ። ሁለቱ አንድ አይደሉም እንዴ?

ሰምና ወርቅ፦
አይደሉም። «በስተቀር»ን እርሳውና «ካል»ን ያዝ። «ካል» ሁለት ነገር ተሸክሟል፤ «ከ» ቅድመ ሁኔታው ነው፣ «አል» አሉታው። ጠ ማጥናት፣ ለ ማለፍ ይሁኑ። «~» አሉታ ነው፤ «ካላጠና አያልፍም» እንደሚነበበው ይቀመጣል፦ ~ጠ → ~ለ። እንግሊዝኛው አሉታውን በአንድ ቃል ውስጥ ስለደበቀው ተማሪው ፈልፍሎ ማውጣት አለበት። አንተ ግን ከልጅነትህ ጀምሮ በግልጽ ስትሰማው ኖረሃል።

አሁን ሁለቱን አሉታዎች አንሣና ቦታቸውን አለዋውጥ፦ ለ → ጠ፣ ያለፈ ሁሉ አጥንቷል። ይህ ያስኬዳል። አንተ አሉታዎቹን አነሣህ፣ ቦታቸውን ግን አልነካህም።

«ካላረጁ አይበጁ»ን ተመልከት። አበው የተናገሩት ~ረ → ~በ ነው። የበጀ ሰው ካገኘህ አርጅቷል ማለት ትችላለህ። ያረጀ ሁሉ ይበጃል ያለ ግን የለም። በየሰፈሩ አርጅተው ያልበጁ ሞልተዋል፤ ተረቱ በእነርሱ አይፈርስም። የሚያፈርሰው በወጣትነቱ የበጀ አንድ ሰው ነው። (እኔ እስካሁን አላገኘሁም፤ ራሴንም ጨምሬ።)

የሁለት ልጆች እናት፦
ትናንት ልጄን «የቤት ሥራህን ካልጨረስክ ኳስ የለም» አልኩት። ጨረሰና ጫማውን አሥሮ በር ላይ ቆመ። መሽቶ ስለነበር ከለከልኩት፤ «ዋሸሽኝ» አለኝ። በእናንተ ቀስት ዋሽቻለሁ?

ሰምና ወርቅ፦
በቀስቱ አልዋሹም። በአማርኛው ግን ልጁ እውነት አለው። ሰው እንዲህ ሲባል «ከጨረስክ ትጫወታለህ» የሚለውን ጨምሮ ነው የሚሰማው። የቋንቋ ምሁራኑ ጋይስ እና ዝዊኪ እ.ኤ.አ. በ1971 ይህን «የተጋበዘ ድምዳሜ» ብለውታል፤ ዐረፍተ ነገሩ አይለውም፣ ሰሚውን ግን ወደዚያ ይጠራዋል። ፈተና አውጪው የሚያጠምደው እዚሁ ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ አልተባለም፤ ቤት ውስጥ ግን ያልተባለውን የማይሰማ እንደ ሞኝ ይቆጠራል። ኳሱን ነገ ይክፈሉት።

ባሕር ማዶ፦
እኔ አሜሪካ ውስጥ ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና፣ ለኤልሳት፣ እያጠናሁ ነው። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2024 ጀምሮ «የሎጂክ ጨዋታ» የሚባለው ክፍል ቀርቷል፤ ቀስቱ ግን በክርክር ጥያቄዎቹ ውስጥ አለ። የሚያስቸግረኝ «ብቻ» ነው። «ትኬት ያለው ብቻ ይገባል» ሲባል እጄ ወዲያው ት → ገ ብሎ ይጽፋል።

ሰምና ወርቅ፦
«ብቻ»ን ወደ «ካል» መልሰው፦ «ትኬት ከሌለው አይገባም»፣ ~ት → ~ገ፤ ሲዞር ገ → ት። አዳራሹ ከሞላ ትኬት የያዘም ደጅ ይቀራል፣ በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ግን አልዋሸም። አማርኛ እዚህም ይረዳሃል፤ የእንግሊዝኛው «ኦንሊ» በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ሲዞር ይውላል፣ የእኛ «ብቻ» ግን የሚገድበውን ነገር ተከትሎ ነው የሚቆመው። ከ«ብቻ» በፊት ያለው የቀስቱ ጫፍ ላይ ይሄዳል።

የማታ ተማሪ፦
«ቢነግረኝ ኖሮ እመጣ ነበር»ስ?

ሰምና ወርቅ፦
እሱን ለፈተናው ቀስት አታስነካው። አለመንገሩ ታውቋል፤ በቀስት ሕግ ደግሞ የፊተኛው ሐሰት ከሆነ ሙሉው እውነት ይሆናል። እንግዲያውስ «ቢነግረኝ ኖሮ ጨረቃ ላይ እወጣ ነበር»ም እውነት ሊሆን ነው። «ቢዘንብም እሄዳለሁ» ላይ ደግሞ «ም»ን ልብ በል፤ ዘነበም አልዘነበም መሄዱ አይቀርም፤ ሄ ብለህ ጽፈህ እለፍ።

የማታ ተማሪ፦
«ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ»ን ሞከርኩት፦ ~ዘ → ~መ። ሲዞር መ → ዘ፤ ካመነች ታዝላለች። ልክ ነኝ?

ሰምና ወርቅ፦
ልክ ነህ። ታዝላም ላታምን ግን ትችላለች።